አራተኛው መሣሪያ

የቴሌው ባለሙያ ሽቦውን ዘርግቶ፣
ከመንገድ ምሰሶ እስከ ቤት አስገብቶ፣
«ይኸው ብሮድባንድ፤ ፈርሙ» ብሎ ሄደ፤
ሐምሌ ነው፤ ደንበጫ ዝናብ እየወረደ።

ገመዱ አንድ ነው፤ ባለጉዳይ ሦስት፦
ስመኝ ላፕቶፕ ይዛ፣ የማታ ትምህርት፤
አባቴ አሮጌ ዴስክቶፕ፣ የእድሩ መዝገብ ያለበት፤
እኔ ደግሞ በዚህ፣ «መ» ፊደል በወለቀበት።

ራውተሩን ገዛሁት ማርቆስ ድረስ ሄጄ፤
ሁለት ቀንድ አለው፤ አቀፍሁት ወድጄ።
እናቴ አየችውና፣ «ይኸ ወይፈን» አለች፣ «ምን ይበላል፣ ልጄ?»
«መብራት» አልኋት፤ «መብራት።» «ታዲያ በጠፋ ዕለት?»
«አብሮን ያድራላ ጦሙን።» እሷ ሳቀችበት።

መጀመሪያ ሳሎን፣ ከሣጥኑ በላይ፤
ስመኝ ከጓሮ ቤት፦ «ኧረ ምንም አላይ!»
ወደ መስኮት ወሰድሁ፦ «አንድ መስመር መጣ፤
ትንሽ ወደ ግራ… ቆይ፣ ቆይ… ደግሞ ታጣ!»
ግድግዳችን ጭቃ ነው፣ አያቴ ያቦካው፣
ጭድ የጠገበ፣ ክንድ ሙሉ፣ ውርጭ የማይነካው፤
ለብርድ ነው እንጂ የመረገው ያኔ፣
ቃል በአየር ያልፋል ብሎ ማን አስቦ ለኔ?

በመጨረሻ ቆጡ ላይ፣ ከበርበሬው ጆንያ አጠገብ፣
አረንጓዴ ዓይኖቹ በሩ፤ ሦስታችንም ቀረብን፣ ከአንዲት ገመድ ልንመገብ።

የቆጡ ራስ ግን የሚያየው ወደ አያ እንየው ጓሮ ነው፤
የአባቴ ታላቅ ነው፤ በመካከል ቆርቆሮ ነው።
አሥራ ሦስት ክረምት በላዩ ያለፈች
ድመታችን ብቻ፤ እሷም እዚያው ወለደች።

ነገሩ በሬ ነው። አያቴ በሞተ ባመቱ
መሬቱም ተከፈለ፣ ተከፈለ ቤቱ፤
በሬ ግን በምን ይከፈል? አጎቴ ነድቶ ሄደና
ጅጋ ገበያ ሸጠው። ብሩ ገና ነው፤ ዛሬም አለ በጎዳና።

ስም ጠየቀኝ ደግሞ፣ በየስልኩ የሚታየውን፤
«የቢያዝን ቤት በል» አለች እናቴ፤ «እንግዳ ይወቅ ደጃችንን።»
ስም አጥር አያውቅም፤ እዚያ ማዶም ተነበበ፤
ማን እንዳነበበው ያን ሰሞን ልቤም አላሰበ።

«የይለፍ ቃል ስጠኝ» አልሁት አባቴን ማታ፤
«ስምንት ፊደል ይሁን፣ ለሌባ የማይፈታ።»
መፋቂያውን ነክሶ ብዙ ዝም አለና፣
«ዳልቻ በል» አለ፣ «ሰማንያ ዘጠኝ ጨምርና።»
በላቲን ጽፌ ቆጠርሁ፤ ልክ ስምንት ሞላ፤
ሁለቱ አዋጥተው በሬውን የገዙበት ዓመት ነው፣ ከዚያ ጥል በፊት፣ ሩቅ ከኋላ።

ሳምንት አለፈ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደልቅ፣
እኔ ብቻ ሳልተኛ፣ ሌሊቱ ወደ ስድስት ሲዘልቅ፣
የራውተሩን ገጽ ከፍቼ ዝርዝሩን ተመለከትሁ፤
ሦስት መሣሪያ ነበርን፤ አራት ቆጠርሁ።

ደግሜ ቆጠርሁ። የስመኝ፣ የአባቴ፣ የእኔ፤
አራተኛው ያረጀ ስልክ፣ ስሙ ቁጥር ብቻ። ማነህ ወገኔ?
ማንም አልነገረው፤ ማንም አልሰጠው፤
በዚህ ሰፈር ያንን በሬ ከነስሙ፣ ከነዓመቱ የሚያስታውስ ስንት ሰው ነው?
ስንቴ ሞክሮ ይሆን? የእናቱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ደጋግሞ፣
ከዚያ በአውራ ጣቱ፣ መነጽሩን ሰክቶ፣ አንድ አንድ ፊደል ለቅሞ…

«አግድ» የሚል ቁልፍ አለ፣ ቀይ፤ ጣቴ ደርሶ ቀረ።
ምን እየሰማ ይሆን? ዜና? ስብከት? ወይስ በበርበሬ ዋጋ እያማረረ?

ጠዋት ለአባቴ ነገርሁት። ጋቢውን አስተካከለ።
«አራት?» «አራት።» «ይከብደዋል?» «አይከብደውም፤ ትንሽ ይዘገያል።» ምንም አላለ።
ቆጥ ላይ ወጣ። የበርበሬውን ጆንያ በክርኑ ገፍቶ፣
ወይፈኑን፣ ቀንዱን ሳይነካ፣ አንድ ስንዝር ወደ አጥሩ አስጠግቶ፣
ወረደና አቧራውን አራገፈ፤ በርበሬው አስነጠሰው።
«ብሩን ግን» አለ፣ «ብሩን አልተውለትም ለዚያ ሰው።»